ሙዚቃው መጣ፣ እሷ ቀረች

አንድ ተራ ቀን እኔን ምን ያህል እንደሚያስወጣኝ ቁጭ ብዬ አስቤው አውቃለሁ። ሰባ ሁለት የደረጃ እርከን፣ ልጅ በጀርባ፣ ላፕቶፕ በደረት፤ ጠዋት ስወርድ፣ ማታ ስወጣ፣ በመሀል ደግሞ የረሳሁትን ቻርጀር ላመጣ። ሦስት የሽንት ጨርቅ። አንድ ሙሉ የላፕቶፕ ባትሪ፣ እሱም ሞልቻለሁ ብሎ ምሎ ተገዝቶ አርባ ደቂቃ የማይቆይ። ጥግ ካከራየችኝ ልብስ ሰፊ ጋር ቢያንስ ሁለት ክርክር፣ አንዱ ስለ መስኮቱ፣ ሌላው ስለ ልጄ አስተዳደግ። ሃያ ጊዜ ያህል «ፋይሉ ደህና ነው፣ ችግሩ ቴሌቪዥንዎ ነው» ማለት። እና አንድ ጊዜ፣ «አላውቅም» ማለት ሲገባኝ አፌን ሞልቼ «አውቃለሁ» ማለት። ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ሥራዬ ስሙ ከራሱ ይበልጣል። የልብስ ስፌት ቤት ጥግ ተከራይቼ፣ በመተኮሻው ጠረጴዛና በትልቁ መስታወት መካከል አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አስገብቼ፣ ከበላይዋ «የቪዲዮ ድምፅ ሕክምና» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። «ሕክምና» የሚለውን ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ያየች ቀን መቀሷን አስቀምጣ፣ «እኔስ ታዲያ ‹የሱሪ ቀዶ ጥገና› ብዬ ልለጥፍ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዶክተር ነው። «ዶክተር፣ ልጅሽ ቁልፍ ዋጠች!» ትላለች፤ ክው ብዬ ስነሳ ልጄ የሸሚዙን ቁልፍ በእጇ ይዛ ትስቅብኛለች።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ሰው ፊልም ወይም የቤተሰብ ቪዲዮ በፍላሽ ያመጣል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካው ሥዕሉ ይመጣል፣ ድምፁ የለም። ሰዎቹ እንደ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የቪዲዮ ፋይል ማለት እንደ ሻንጣ ነው፤ ውስጡ ሥዕሉ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ታጥፎ ተቀምጧል። ድምፁ የታጠፈበትን ዓይነት ቴሌቪዥኑ ካላወቀው ዝም ይላል። እኔ ድምፁን አውጥቼ ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ዓይነት መልሼ አጥፈዋለሁ። ኮንቨርት ማድረግ የምንለው ይሄንኑ ነው።

ይሄን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ይዤው የወጣሁት ትልቁ ሙያ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሰው መልስ ማንበብ ነበር። ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ዓመት ሳይሞላት አንድ የጥንቸል ካርቱን ወደደች። ጎረቤታችን አዲሱን ክፍል በፍላሽ ሰጠችኝና ስከፍተው ጥንቸሉ ይዘላል፣ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ልጄ የተቀየማት መስሏት አለቀሰች። ምን ላድርግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቆሜ የጥንቸሉን ድምፅ አወጣሁላት። ሁለት ቀን ሙሉ ጥንቸል ሆንኩ። ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አገኘኝና ምንም ሳይጠይቅ ወደ ኩሽና አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዬ ሲዘጋ፣ እያጠባሁ በስልኬ «ቪዲዮ ድምፅ እምቢ አለ» ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ልጄ ጡት ስትጥል እኔ ባለሙያ ሆኜ ነበር።

ባለሙያ ስል በልክ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሥዕሉንም ድምፁንም አብሬ ነበር የምቀይረው። አንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ላፕቶፑም ይግላል። ልብስ ሰፊዋ፣ «ካውያዬ የተበላሸ ቀን እሱን እዋሳለሁ» ትለኝ ነበር። በኋላ ነው ሥዕሉን እንዳለ አልፎ ድምፁን ብቻ መቀየር እንደሚቻል ያወቅሁት። ሁለት ደቂቃ! የሦስት ሰዓቱ ሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ለደንበኛ ግን አልነገርኩም። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ማን ሕክምና ይለዋል? ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ «ትንሽ ከበድ ያለ ነው፣ ነገ ይምጡ» እላለሁ። ሰውየው ከበሩ ሳይወጣ ሥራው አልቋል።

ጋሼ ቆጣሪ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ሠላሳ ዓመት በየግቢው እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ያነበቡ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ ከደረት ኪሳቸው ደግሞ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አይጠፋም። ፍላሿን ከመነጽር ማኅደራቸው ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ አወጧት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የባለቤቴ ነው» አሉ። «ጡረታ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ ሸኝቷት ነበር። ያኔ የተቀረጸ ነው። አርባ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ።»

«ድምፁ እምቢ አለ?»

«በድሮው ቴሌቪዥን ይሠራ ነበር። የድሮው ተቃጠለ። አዲሱ ላይ ዝም።»

«እናክመዋለና!» አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ቀና ሳትል ጉሮሮዋን ጠረገች።

ጋሼ ቆጣሪ ግን አልሳቁም። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ነገሩን አስረዱኝ። ባለቤታቸው ከስምንት ወር በፊት ድንገት ታመሙ። እግራቸው ተመልሷል፤ ማንኪያም ይይዛሉ። ቃል ግን እምቢ አላቸው። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ አፋቸው ላይ ሲደርስ ይጠፋል። የንግግር ባለሙያ በየሐሙሱ ከሰዓት ቤት ትመጣለች።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አሉ። «ችግሩ የኔዋ ናት። ‹እትዬ፣ አ ይበሉ› ስትላት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ አሁን በልጅ ልጇ ዕድሜ ያለች ልጅ አ በይ ስትላት እንዴት ትበል? እሷ በዕድሜዋ የታዘዘችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ለእርስዎ?»

«ለራሷ!» አሉና አሁን ሳቁ። «ባለሙያዋም ይሄን ስትረዳ፣ የባለቤትዎ የራሳቸው ድምፅ የተቀዳበት ነገር ካለ ያሰሟቸው አለችኝ። የራሷን እየሰማች ምናልባት ትከተል ይሆናል። ሐሙስ ዕለት አብረን እንሞክራለን ብለናል። ያለን እንግዲህ ይሄ ብቻ ነው። የቀረጸው ልጅ አገር ቀይሯል፤ ስልኩም አይሠራም።»

«ሐሙስ ሳይደርስ ያገኙታል» አልኩ።

ደብተራቸውን አወጡ። «አንድ ነገር ጽፌልሻለሁ። በድሮው ቴሌቪዥን መጀመሪያ ሲከፈት የሚመጣው ሙዚቃ ብቻ ነው። ከዚያ ሪሞቱ ላይ…»

«ጋሼ፣ ግድ የለም» አልኳቸው። እጄን እንደ ትልቅ ሰው ዘርግቼ። «ይሄ የኔ ሥራ ነው። አውቃለሁ።»

ደብተሩ ተከፍቶ ነበር፤ ጣታቸውም የተጻፈው ነገር ላይ ነበር። ጨዋ ሰው ስለሆኑ መልሰው ዘጉት።

አሁን የአሠራሬን ነገር ልናገር፤ አሳፋሪ ነው ግን ካልተናገርኩ ጥፋቴ አይገባችሁም። የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ጠባብ ነው፤ ግማሹን ጥንቸሉ ይዞታል። ስለዚህ ከሰው ፍላሽ ላይ ፋይል ኮፒ አላደርግም፣ ከት ነው የማደርገው፤ ከፍላሹ ይነሣና እኔ ጋ ይመጣል። ድምፁን እቀይራለሁ፣ አዲሱን ፍላሹ ላይ እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያውን ለአንዴና ለመጨረሻ አጠፋዋለሁ። ንጽሕና እለዋለሁ። ባለቤቴ አንዴ ይሄን ሲያይ፣ «እኔ እንኳ ቧንቧ ስቀይር አሮጌውን ለባለቤቱ አስረክቤ ነው የምወጣው» ብሎኝ ነበር። «ያንተ ቧንቧ ነው፣ የኔ ቴክኖሎጂ ነው» አልኩት። እንዲህ ብዬ መልሻለሁ፣ አልደብቅም።

የጋሼ ቆጣሪን ፋይል ስከፍት ውስጡ ሁለት ድምፅ አሳየኝ፤ ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት። አዲስ ነገር አይደለም። ፊልሞች ላይ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ማንም የማይሰማው ቋንቋ ነው። ቦታ ይይዛል ብዬ ሁልጊዜ እጥለዋለሁ፤ እጄ ለምዶታል። አንደኛው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሁለተኛውን ተውኩት። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እንደ ደንቡ መስማት አለብኝ። ኢርፎኔ አንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላውን ልጄ አኝካዋለች። የሚሠራውን ሰካሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ወፍራም ጂንስ እየሰፋች ነበርና ማሽኗ ያጓራል። አምስት ሴኮንድ ሰማሁ። የሚያምር ሙዚቃ አለ። «ድምፅ አለ!» አልኩና የመጀመሪያውን አጠፋሁት።

አዲስ ነገር ቢኖር ይሄኛው ፊልም አለመሆኑ ነበር። የቀረጸው ሰው ለማሳመር ሲል ሙዚቃውን አንደኛው ላይ፣ የአዳራሹን ድምፅ ሁለተኛው ላይ አስቀምጦታል። ደብተሩ ላይ የተጻፈውም ይሄው ነበር።

ማክሰኞ ፍላሿን ወሰዱ፤ በመሐረባቸው ጠቅልለው፣ መርቀውኝ። ረቡዕ ጠዋት ገና ልጄን ከጀርባዬ ሳላወርድ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እኔ እንዳልደነግጥ የተጠነቀቁ ይመስላሉ። «ሙዚቃው መጥቷል። እሷ ግን አልመጣችም።»

ምን እንዳደረግሁ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ ሁለተኛው ትራክ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። አፌ ግን ከእኔ ቀደመ። «ጋሼ፣ ምናልባት ፋይሉ ከመጀመሪያውም ተበላሽቶ ይሆናል። የቆየ ፋይል አንዳንዴ…»

«ይሆናል» አሉ። ወዲያው አመኑኝ። «ያረጀ ነገር ነው፣ እውነትሽን ነው። አንቺ ደክመሽበታል። እኔ ደግሞ ትናንት ለእሷ ‹ነገ ራስሽን ትሰሚያለሽ› ብያት፣ ጠዋት ፀጉሬን አበጥርልኝ ብላ በእጇ አሳየችኝ።» ፍላሿን መሐረቡ ውስጥ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጮሁብኝ እኔም እጮህ ነበር፤ በጩኸት መሀል ውሸት ይደበቃል። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ ታየኛለች። አመድ ሆኜ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ዋሸሁ» አልኩ። «ፋይሉ ደህና ነበር። ሁለት ድምፅ ነበረው፤ እኔ የእሳቸውን ጥዬ ሙዚቃውን አስቀርቼ ነው። የመጀመሪያውንም አጥፍቼዋለሁ። ሊነግሩኝ ሲሉ አውቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ደብተራቸውን አውጥተው የጻፉትን ገጽ ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ሪሞቱን ሁለቴ መጫን» ይላል፣ በተራራቁ ትላልቅ ፊደሎች።

«መመለስ ይቻላል?» አሉኝ።

እንደ ልማዴ «ይቻላል» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «አላውቅም» አልኩ። «እሞክራለሁ።»

እሳቸው እንደወጡ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ላወርደው እጄን ስዘረጋ ልብስ ሰፊዋ ጮኸች።

«አትንኪው!»

«ምን ሆነሻል እትዬ?»

«መርፌ ሲወድቅብኝ መጀመሪያ ምንድን ነው የማደርገው?»

«ትሳደቢያለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ ትያለሽ።»

«እና አንቺ መርፌው የወደቀበት ወለል ላይ ዕቃ ልታራግፊ ነው? እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ የጠፋ ነገር ግን በተረገጠ ቁጥር እንደሚርቅ አውቃለሁ።»

በስልኬ ሳነብ በትክክል ይሄንኑ ነው የሚለው። ፋይል ሲጠፋ ስሙ ነው የሚፋቀው፤ እሱ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል። ፕሮግራሙን እዚያው ዲስክ ላይ ካወረዱት ሊያርፍበት ይችላል። የሚሻለው ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ዲስኩን ፈቶ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ መፈለግ ነው። እኔ ደግሞ ፍላሿ ላይ በድሮው ቦታ አዲሱን መልሼበታለሁ፤ ላፕቶፑ ላይም ከሰኞ ወዲህ ለሦስት ደንበኛ ካርቱን ጭኜበታለሁ። ጭንቅላቴን ያዝኩ።

ሌላ ኮምፒውተር ያለው በሰፈራችን አንድ ሰው ነው፤ ባላንጣዬ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ እንደኔው ፊልም ይጭናል፣ ድምፅ ይቀይራል። ሁለት ክንድ በማትሞላ ሱቅ ውስጥ ከረባት አስሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ስሙን ከረባት ብዬዋለሁ። ለደንበኞቼም «እሱ ጋ አይሂዱ፣ ድምፅ ያበላሻል» እያልኩ ስናገር ኖሬአለሁ። ልጄን አዝዬ፣ ላፕቶፔን አቅፌ መንገዱን ስሻገር እግሬ ሲጎተት ይሰማኛል።

«ዶክተር! እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። ስሜ እሱም ጋ ደርሷል። «በሽተኛ ይዘሽ መጣሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ትራኩንም፣ ከት ማድረጌንም፣ ውሸቴንም። ከረባቱን እያስተካከለ ሰማኝ።

«ድምፅ ያበላሻል እያልሽ ለሰው ትናገሪያለሽ አሉ» አለኝ።

«እናገራለሁ።»

«እውነት ነው?»

«አይደለም።»

«እስቲ በሩ ላይ ቁሚና ይሄን ጮክ ብለሽ ንገሪልኝ።»

ቆምኩ። «ከረባት ድምፅ አያበላሽም!» ብዬ መንገዱን ሞልቼ ጮህኩ። ልጄ ከጀርባዬ አጨበጨበች፤ ልብስ ሰፊዋ ከማዶ እየሳቀች በመቀሷ ሰላምታ ሰጠችኝ። ከረባትም ሳቁን መያዝ አቅቶት ትንሿን መፍቻ አነሣ።

ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘው። ፕሮግራሙ ያንን ሁሉ ወለል እየዳሰሰ ያገኘውን ያወጣል፤ ስም ግን የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከሰዓት ላይ ስድስት መቶ ምናምን ፋይል ሆነ። አብዛኛው የጥንቸል እግር፣ የጥንቸል ጆሮ። እያንዳንዱን እየከፈትን ሁለተኛውን ትራክ መስማት ነበረብን። የኔን ኢርፎን ሲያይ፣ «ይሄንን ነው እንዴ ጆሮዬ የምትይው?» ብሎ የራሱን አዋሰኝ። በሁለት ጆሮ ሳዳምጥ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። እስኪዘጋ ድረስ ሰማን፤ አልተገኘም። በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ ሱቁን ሳይከፍት በሩ ላይ ጠብቄው ቀጠልን።

ረፋድ ላይ አንዱን ከፈትኩ። ሥዕሉ ተሰባብሯል፤ አረንጓዴና ግራጫ ካሬዎች ብቻ። ሁለተኛውን ትራክ ስነካ ግን አዳራሽ፣ የሰው ጫጫታ፣ ሳል፣ ከዚያ ጠንከር ያለ የሴት ድምፅ መጣ። ከረባትን በክርኔ ስደስቀው ሊወድቅ ነበር። ከአርባው ደቂቃ አሥራ አንዱ ተርፏል፤ ቀሪው ላይ ካርቱን አርፎበታል። አሥራ አንዱን ደቂቃ ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ ድምፁን ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ዓይነት ቀየርኩ፤ ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል የምለው ሥራ በትክክል ሲሠራ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጋሼ ቆጣሪ ቤት ስደርስ ባለሙያዋ ቀድማኝ መጥታለች። መምህርቷ መስኮቱ አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አጭር ሽበት ፀጉር፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሹራብ። ሲያዩኝ ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝ። ምንም ቃል ሳይኖራቸው የቤት ሥራዬን እንዳልሠራሁ አውቀውብኛል።

ፍላሿን ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ካሬዎቹ ተንቀጠቀጡ፤ አንዴ ጆሮ፣ አንዴ የኮት ኮሌታ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ማነው እዚያ ጋ ወንበር የሚጎትተው? አትጎትቱት! አንሡት! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንሡት እያልኩ፣ ዛሬም ልትጎትቱብኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ቆጣሪም አብረው ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ክፍሏ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በላይ ነበር» አሉኝ። «ወንበር በተጎተተ ቁጥር እሱ ከታች ጣራውን በመጥረጊያ ይደበድባል። ልጆቹ ስሟን ትተው ቲቸር አንሡት ነበር የሚሏት።»

መምህርቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም። ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏል። ባለሙያዋ ቀስ ብላ፣ «እንደገና አጫውቺው» አለችኝ። አጫወትኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ለሦስተኛ ጊዜ አጫወትኩ። ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ግን ባዶ ነው፤ እኔ ጋ እንደሚመጡት ፋይሎች። ለአራተኛ ጊዜ ተቀምጬ ላጫውት ብዬ አጠገቤ ያለውን ወንበር ያዝኩና ሳብ አደረግሁት። ወለሉ ላይ ክርርር አለ።

«አን… ሡት!»

ሁላችንም ዞርን። ቴሌቪዥኑ አልነበረም። መምህርቷ በግራ እጃቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ ነው። ፊታቸው ቀልቷል። ቃሉ መሀሉ ላይ የተሰበረ ቢሆንም ቁጣው ሙሉ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እምቢ ካለ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ቃል እኔን ለመቆጣት መጣ። ወንበሩን በሁለት እጄ ወደ ላይ አንሥቼ፣ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ፣ ተሸክሜው ቆምኩ። ጋሼ ቆጣሪ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ጣለች፤ «አንድ ቃል ነው፤ ገና ብዙ ይቀረናል» ትላለች፣ ለእኛ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ እሷም እያለቀሰች።

ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ምስጋና፣ ቀልድ፣ የሒሳብ ክፍሉ ስጦታ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስነግራችሁ ከኖርኩት ሁሉ፣ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እሱም…»

እዚያ ላይ ተቆረጠ።

መምህርቷ ጠበቁ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን አየር ላይ አሽከረከሩ። ቀጥዪ ማለታቸው ነው።

«ከዚህ በላይ የለም» አልኩ። «ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ቆጣሪ ምን እንደነበረ ልነግራት እችላለሁ ብለው ጀመሩ፤ መምህርቷ በመዳፋቸው አስቆሟቸው። ከሌላ ሰው አፍ አይፈልጉትም። ከራሳቸው ነው መስማት የሚፈልጉት፤ መከተልም የሚፈልጉት ያንን ነው። ባለሙያዋ በየሐሙሱ አሥራ አንዱን ደቂቃ ታጫውትላቸዋለች፤ አሁን አራት ቃል ደርሰዋል፤ «እሱም» ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ጣታቸውን ያሽከረክራሉ።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ የቲቸር አንሡት ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፤ ጋሼ ቆጣሪ ግማሹ ሰው ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ እንደነበር ያስታውሳሉ። የድሮ ስልካችሁን ከመሳቢያ አውጡት። ሚሞሪ ካርዳችሁን ፈልጉ። ቪዲዮው ቢንቀጠቀጥ፣ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ቢሸፍነው፣ ድምፅ የለውም ብላችሁ የተዋችሁት ቢሆን እንኳ አታጥፉት። ለእኔ ማምጣት ከፈራችሁ አልቀየምም፤ ከማዶ ላለው ለከረባት ስጡት። ከ«እሱም» በኋላ ያለችዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው፤ እባካችሁ፣ ከሐሙስ በፊት አድርሱልን።